«የዛፍ ስም»፦ ስለ ሕያዋን አመዳደብና አሰያየም ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች የቀረበ ማብራሪያ

በ1999 ዓ.ም. ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ ያቀረብኩት ጥናት ዐባሪ ላይ አንድ ሙዳየ ቃላት አለ። ጥናቱ ስለ ሙሾ ግጥሞች ስለ ነበረ በግጥሞቹ ውስጥ የሚገኙትን እንግዳ ቃላት መፍታት ይጠበቅብኝ ነበር። ከእነዚህ ቃላት መካከል ዐሥራ አራቱ የዕፅዋት ስሞች ናቸው። የሁሉም ፍቺ «የዛፍ ስም» ወይም «የቅጠል ስም» ይላል። በዚያን ጊዜ ይህ ነውር መስሎ አልታየኝም። መዝገበ ቃላቶቻችን ለዕፅዋትና ለአራዊት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ፍቺ ስለማይሰጡ ባህሉን የተከተልኩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ጥናቴን አንብባ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ «መምህር፣ እዚህ ላይ ከሴ የተባለው የትኛው ከሴ ነው?»

ሙሾውን የሰጡኝ እናት መርካቶ ውስጥ ቅመማ ቅመምና የባህል መድኃኒት ይሸጡ የነበሩ የመንዝ ተወላጅ ናቸው። እማማ ብዬ ነበር የምጠራቸው፤ እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ለሟች እኅታቸው ካወረዱት ሙሾ ውስጥ ሟቿን ከከሴ ጋር የሚያወዳድር አንድ ስንኝ አለ። እኔም በትንተናዬ «ከሴ ሽታው ደስ የሚል ቅጠል ስለ ሆነ የሟቿን መልካምነት ያመለክታል» ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፌዋለሁ።

ይሁን እንጂ ከሴ የተባለው ሁሉ አንድ አይደለም። በዱር የሚበቅል፣ ሴቶች የጠላና የወተት ዕቃ የሚያሹበት ከሴ አለ፤ ዕቃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ሽታው ይቀራል። ምች የመታው ሰው ቅጠሉን አሽቶ የሚያሸተው፣ ጭማቂውንም የሚጠጣው ዳማከሴ ደግሞ አለ፤ ይህንን በአጭሩ ከሴ የሚለው ሰው አይጠፋም። ሟቿ የፊተኛው ከሆነች ስንኙ ሴትዮዋ ሄዳም ጠረኗ ከቤቱ እንዳልወጣ ይናገራል። የኋለኛው ከሆነች ግን አልቃሿ መድኃኒቷን ቀብራ መመለሷን ነው የሚናገረው። አንዱ የትዝታ ግጥም ነው፤ ሌላው መጠጊያ የማጣት ግጥም ነው። እኔ «የቅጠል ስም» ብዬ ሁለቱንም ዘግቻቸው ኖሯል።

በዚህ ጽሑፍ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሕያዋንን እንዴት እንደሚመድቡና እንደሚሰይሙ ለማብራራት እሞክራለሁ። የሙያው ሰው አይደለሁም። ያነበብኩትንና ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን እንደ አንድ የቋንቋ መምህር ነው የማቀርበው። የፈረንጆቹ ሰዎች ሥራ የተጠቀሰባቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተራው ሥርዓት

መርካቶ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ አሁን ወዳለበት ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር የተቆረቆረ ነው። ለማያውቀው ሰው ትርምስ ይመስላል። ለሚያውቀው ግን ከብዙ ቤተ መጻሕፍት ይልቅ በሥርዓት የተደለደለ ነው፤ ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ እየተባለ ዕቃ ሁሉ ከመሰሉ ጋር ይቀመጣል። ሊቃውንቱ ለአንድ የምደባ ደረጃ የሚጠቀሙበት ኦርዶ የሚለው የላቲን ቃልም ፍቺው ረድፍ፣ ተራ ማለት ነው። ምን አለሽ ተራም እንኳ አቻ አለው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት መቀመጫው ያልተረጋገጠላቸውን ፍጡር «ኢንሰርቴ ሴዲስ» ብለው ይመዘግቡታል፤ «ቦታው ያልታወቀ» ማለት ነው። እንደ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮና ጠርሙስ አንድ ቀን ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ እዚያው ይቆያል።

ዋናው ጥያቄ መሰል የሚባለው ምንድን ነው የሚለው ነው። በእማማ መደብ ላይ ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ሦስቱም የኮሶ ትል ያስወጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ናቸው። በሊቃውንቱ ዘንድ ግን ሦስቱ በሦስት የተለያዩ አስተኔዎች ውስጥ ያሉ ዕፅዋት ናቸው፤ ኮሶ ከጽጌረዳና ከእንጆሪ ጋር ይዛመዳል እንጂ ከእንቆቆ ጋር አይዛመድም። አስተኔ ያልኩት በርከት ያሉ ተቀራራቢ ወገኖች የሚሰበሰቡበትን ደረጃ ነው። ወገን ደግሞ ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ነው። ከአስተኔ በላይ ያሉት ደረጃዎች ለዚህ ጽሑፍ ስለማያስፈልጉ አልፋቸዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የአዝሙድ ነገር ነው። ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ስንል እንደ ወንድማማቾች ነው የምንጠራቸው። ነገር ግን ጥቁር አዝሙድ (ኒጄላ ሳቲቫ) እና ነጭ አዝሙድ (ትራኪስፐርመም አሚ) በአስተኔ ደረጃ እንኳ አይገናኙም። የነጭ አዝሙድ የሥጋ ዘመዱ ድንብላል ነው፤ እንስላልና ካሮትም ከዚያው ናቸው። እንግዲህ ገበያው ተሳስቷል ልንል ነው? እንዲህ የሚለው ሰው ሌላውን ጥንድ ይመልከት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጣዕማቸውም መልካቸውም ይለያያል፤ የሀገራችን ሰው ግን ሁለቱንም ሽንኩርት ብሎ በቀለም ብቻ ለያቸው። ሊቃውንቱም ሁለቱን አሊየም በሚባል በአንድ ወገን አስቀመጧቸው። ስለዚህ የሕዝብ ምደባ አንዳንዴ ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይገጥምም። የማይገጥመው ግን ባለማወቅ አይመስለኝም። ወጥ የምትሠራ ሴት ስለ አዝሙድ የምትጠይቀው ከየት እንደ ተወለደ ሳይሆን ምን ውስጥ እንደሚገባ ነው።

ስምና ያባት ስም

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ከመምጣቱ በፊት የአውሮፓ ሊቃውንት ለአንድ ተክል የሚሰጡት ስም እንደ ዐረፍተ ነገር የረዘመ ነበር፤ ቅጠሉ እንዲህ፣ አበባው እንዲያ እያለ ይዘረዝራል። ስምና መግለጫ አልተለያዩም ማለት ነው። ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ቃል ብቻ ያለው ስም ሰጠ፤ በ1758 ደግሞ ይህንኑ ለእንስሳት አደረገ። የፊተኛው ቃል የወገኑ ነው፣ የኋለኛው የዝርያው። ለእኛ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የእኛም ሙሉ ስም ከነአባቱ ሁለት ቃል ነው። ልዩነቱ የላቲኑ ያባትን ስም ማስቀደሙ ነው። «ነጭ አዝሙድ» የሚለው አማርኛ ለያዩን ያስቀድማል፤ ላቲኑ ግን «አዝሙድ ነጭ» እንደ ማለት ነው።

የሊኔየስ ትልቁ ሥራ በእኔ አስተያየት ስምን ከመግለጫ ማላቀቁ ነው። ከእርሱ ወዲህ ስም ትርጉም ሊኖረው ይችላል፣ ግን በትርጉሙ አይጠየቅም። ለምሳሌ ሊኔየስ ቡናን በዚያው በ1753 «ኮፊያ አራቢካ» አለው፤ የዐረብ ቡና ማለት ነው። የዚህ ቡና የዱር መገኛ የኢትዮጵያ ደን መሆኑ ዛሬ ቢታወቅም ስሙ አልተቀየረም። ብዙ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። እኔ ደግሞ ባሕር ዛፍን አስታውሳቸዋለሁ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ እንጂ ከባሕር አልወጣም። አባቶቻችን በመጣበት መንገድ ሰየሙት፤ ሊኔየስም ቡናን በመጣበት መንገድ ሰየመው። የፈረንጅ ጽድ የምንለው ዛፍም መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሆኖ ሳለ የላቲን ስሙ «ሉሲታኒካ» ይለዋል፤ የፖርቱጋል ማለት ነው። ከእኛ የሐበሻ ጽድ ጋር አንድ ወገን እንኳ አይደለም። ታዲያ የፈረንጅ ጽድ ብንለው ከሊኔየስ ደቀ መዛሙርት በምን እናንሳለን?

ትርጉም ጨርሶ አይነካም ማለት ግን አይደለም። በ2024 በማድሪድ የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሊቃውንት ለጥቁር ሕዝብ ስድብ ከነበረ ቃል የወጣውን «ካፍራ» የሚል የዝርያ ስም ከሁለት መቶ በሚበልጡ ስሞች ውስጥ «አፍራ» ተብሎ እንዲታረም በድምፅ ወስነዋል። አንዲት ፊደል ነው የተጣለችው።

ኮሶ ከጎንደር እስከ ኮኒግስበርግ

በዚህ ሥርዓት ስም እንዴት እንደሚጸናና እንደሚወድቅ ከኮሶ ይልቅ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ የጉዞውን መጽሐፍ በ1790 አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ኮሶን ከነሥዕሉ አስገብቶ «ባንክሲያ አቢሲኒካ» አለው፤ ጆሴፍ ባንክስ የሚባለውን የእንግሊዝ ሊቅ ለማክበር ነው። (በቅንፍ፦ ሥዕሎቹን ሠርቶለት የነበረው ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ኢጣልያዊ ሲሆን ጎንደር ላይ ሞቶ ቀርቷል። ብሩስ ግን የሥዕሉን ምስጋና ለራሱ ወስዷል። የደራሲነት ጥያቄ ለሚያጠኑ ሁሉ ጥሩ ርእስ ነው።)

ይሁንና ባንክሲያ የሚለው ስም ከብሩስ መጽሐፍ በፊት ለአውስትራልያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ነበር። አንድ የወገን ስም ለሁለት ሊሆን ስለማይችል የብሩስ ስያሜ ወደቀ። በ1791 ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ «ሀገኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ቀየረው፤ በኮኒግስበርግ ከተማ የነበረውን የኬሚስትሪና የመድኃኒት ሊቅ ካርል ጎትፍሪድ ሀገንን ለማክበር ነው። ከዚያም ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ የኮሶን መድኃኒትነት ዐወቀና ናሙናውን ለፓሪስ ሊቃውንት አደረሰ። ኩንት የተባለው ሊቅ ተክሉ ቀድሞ መሰየሙን ሳያስተውል «ብሬየራ አንተልሚንቲካ» የሚል ስም አወጣለት። አንተልሚንቲካ ማለት ትል የሚያስወጣ ነው።

ከሦስቱ ስሞች ስለ ኮሶ እውነተኛውን ነገር የሚናገረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሆኖም የጸናው ሀገኒያ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚጠይቀው የትኛው ያምራል ወይም የትኛው ያስረዳል ብሎ ሳይሆን በሥርዓቱ መሠረት የትኛው ቀደመ ብሎ ነው። የብሩስም ድካም አልጠፋም። በሙሉ አጻጻፉ ከላቲኑ ስም ቀጥሎ በቅንፍ የብሩስ፣ ከቅንፉ ውጭ የግሜሊን ስም ይጻፋል። በቅንፍ ያለው መጀመሪያ የሰየመው፣ ከቅንፍ ውጭ ያለው ወደ አሁኑ ወገን ያዛወረው ነው። ጤፍም እንዲሁ ነው። ዙካኒ በ1775 «ፖአ ቴፍ» ብሎት ነበር፤ ትሮተር በ1918 «ኤራግሮስቲስ» ወደሚባለው ወገን አዛወረው። ኤራግሮስቲስ ከግሪክኛ የተውጣጣ ሲሆን የፍቅር ሣር ተብሎ ይፈታል። የዝርያው ቃል ግን ሳይነካ ተሻገረ፤ እስከ ዛሬ ቴፍ ነው። ጥንታዊ ጽሑፍ የሚያርሙ ባልደረቦቼ ይህን አጻጻፍ ሲያዩ ወዲያው እንደሚገባቸው አምናለሁ፤ ከቅጂ ወደ ቅጂ የተሻገረ ቃልን ከነባለቤቱ መመዝገብ ነው።

እንዲህ ወደ ላቲኑ መዝገብ የገቡ የሀገራችን ቃላት ጥቂት አይደሉም። ኮረሪማ «አፍራሞመም ኮረሪማ» ነው። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1835 ጭላዳን «ጌላዳ»፣ ዋልያን «ዋሊዬ» ብሎ መዝግቧቸዋል። ከአፋርኛ ደግሞ ራሚደስ (ሥር)፣ ጋርሂ (ያልተጠበቀ)፣ ኢዳልቱ (ሽማግሌ) የሚሉት ቃላት ከ1994 ወዲህ በቅሪተ አካል ጥናት የዓለም ቃላት ሆነዋል። የእንሰት ነገር ግን ያስቃል። ግሜሊን በ1791 «ሙሳ ኤንሴቴ» ብሎት ነበር፤ በኋላ እንሰት ከሙዝ ተለይቶ ኤንሴቴ የሚባል ራሱን የቻለ ወገን ሲሆን ስሙ «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» ሊሆን ሆነ። የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ይከለክላል። (የእንስሳት ሕግ ይፈቅዳል፤ ጎሪላ ጎሪላ የሚባል አለ።) ስለዚህ ቺዝማን በ1947 ከአንጎላ በተገኘ ናሙና ላይ ተሰጥቶ የነበረውን የዝርያ ስም አምጥቶ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም» አለው። ቬንትሪኮሰም ማለት ቦርጫም ነው።

ስም የሚታሰርበት ናሙና

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይተዋል። ስም በትርጉሙ የማይጠየቅ ከሆነ በምን ይጸናል? መልሱ በናሙና ነው። አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሊቅ ስሙን የሚያስረው አንድ በተወሰነ ቦታ በተቀመጠ አካል ላይ ነው፤ ተክል ከሆነ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ በደረቀ፣ በወረቀት ላይ በተለጠፈ ቅርንጫፍ። ይህን አውራ ናሙና ብዬ ልጥራው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ክርክር ቢነሣ ዳኛው መግለጫው ወይም የሰያሚው ሐሳብ ሳይሆን ያ የደረቀ ቅርንጫፍ ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚሄድ ድንቅነሽ ታሳያለች። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኝታ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ዝርያዋ «አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ» ተባለ፤ አፋር ከሚለው ስም። የዚህ ዝርያ አውራ ናሙና ግን ድንቅነሽ አይደለችም። ታንዛንያ ውስጥ ላኤቶሊ ከሚባል ቦታ የተገኘ የመንጋጋ አጥንት ነው። ምናልባት አንድ ቀን የላኤቶሊውና የሐዳሩ ሁለት ዝርያ ናቸው ቢባል፣ አፋረንሲስ የሚለውን ስም ይዞ የሚቀረው የታንዛንያው መንጋጋ ነው፤ ድንቅነሽ ሌላ ስም ይፈለግላታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ አልተዋጠልኝም ነበር። በኋላ ግን የስም ትርጉምና የስም ባለቤት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ስለ አራዊት ካነሣሁ ዘንድ ለተርጓሚዎች አንድ ነገር ልበል። ሩፔል «ካኒስ ሲመንሲስ» ያለውን፣ እኛ ቀይ ቀበሮ የምንለውን አውሬ እንግሊዞች አንዴ ከቀበሮ፣ አንዴ ከተኩላ ሲያስጠጉት ኖረው በ1990ዎቹ በዘር ውርስ ምርመራ ለተኩላ ቅርብ መሆኑ ሲረጋገጥ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ማለትን አጸኑ። ከዚያም ከኢትዮጵያ ደጋ የተወሰዱ ናሙናዎች ጭምር ተመርምረው በ2015 ሌላው የአፍሪካ ቀበሮም ከተኩላ ወገን ነው ተባለ። በሌላ በኩል በእኛ ሀገር ተኩላ የሚለው ቃል ለሌላ አውሬ፣ በመንጋ ለሚያድነው ዥጉርጉር የዱር ውሻ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ተረት የሚተረጉም ሰው ተኩላ ብሎ ሲጽፍ ከሦስት አውሬ አንዱን እየመረጠ መሆኑን ይወቅ። የተረቱ ቀበሮ ብልጥ ነው፣ ተኩላው ጨካኝ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ግን ዋና ምግቡ አይጥ ነው።

ናሙና ሊጠፋም ይችላል። ዓድዋ አካባቢ ወደ አርባ ዓመት የኖረው ቪልሄልም ሺምፐር (1804–1878) ከሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ብዙዎቹ በበርሊን ይገኙ ነበር። በመጋቢት ወር 1943 የበርሊን የዕፅዋት ቤተ መዛግብት በአውሮፕላን ድብደባ ተቃጠለ፤ ስንትና ስንት ስም የታሰረበት ወረቀት አብሮ ነደደ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ሕጉ መፍትሔ አለው። በሌላ ከተማ የቀረ የዚያው ስብስብ ቅጂ ካለ ይተካል። ምንም ከሌለ በጥንቃቄ የተመረጠ ምትክ ናሙና ይሾማል፤ ምትክ መሆኑ ግን ተጽፎ ይታተማል።

በሀገራችን ይህን ሥራ የሚሠራው በ1959 የተቋቋመው፣ አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ከ1980 እስከ 2009 ሊኔየስ ካስተማረበት ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ፣ በዐሥር መጽሐፍ ታትመዋል። የተገለጹት ዝርያዎች ወደ 6,000 ይጠጋሉ። የሀገር ቤት ስሞችን ከላቲኑ ጋር ያገናኘው የወልደ ሚካኤል ቀለቻ መፍቻም አለ። እኔ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ የገለጥኩት ከተማሪዬ ጥያቄ በኋላ ነው። ጥናቴን በጻፍኩ ጊዜ መጽሐፉ ታትሞ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

ወደ ከሴው

ካሴቱን ፈለግሁ። እማማ ስንኙን ካሉ በኋላ ጥቂት ማብራራታቸውን አስታውሳለሁ፤ ምን እንዳሉ ግን አላስታውስም። ካሴቱ ተገኘ፤ በላዩ ላይ ግን እኔው ራሴ በ2002 ዓ.ም. የአንድ ሰርግ ዘፈን ቀድቼበታለሁ።

ከዚያ መርካቶ ሄድኩ። እማማ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። መደባቸው የነበረበት ቦታ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ልጃቸው ከበርበሬ በረንዳ ወዲህ ጠባብ ሱቅ ተከራይታ እናቷ ይሸጡ የነበረውን ትሸጣለች። ስለ ሙሾው ምንም አላነሣሁም፤ «እኅቴ፣ ከሴ አለሽ?» ብቻ አልኳት።

«ለምንድን ነው ጋሼ?» አለችኝ። «ለዕቃ ነው ለምች?»

ሁለቱንም ስጪኝ አልኳት። ሁለት እስር አወጣች፤ አንዱን ከሴ፣ አንዱን ዳማከሴ ስትል ሰማሁ። እናትሽስ እንዲህ ነበር የሚለዩአቸው? ብዬ ብጠይቃት ትንሽ አሰበች። «እማዬ ለገዢ ነው የምትለየው፤ ቤት ውስጥ ሁሉንም ከሴ ነበር የምትለው» አለችኝ።

እስሮቹን ወደ አራት ኪሎ ይዤ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ባለሙያ አየት አድርጎ አበባ የሌለው የገበያ ቅጠል ለናሙና እንደማይመች፣ መርካቶም የተሸጠበት እንጂ የበቀለበት ቦታ እንዳልሆነ ነገረኝ። ሆኖም ስለ ሁለቱ ምንም ጥርጥር አልነበረውም። ዳማከሴው «ኦሲመም ላሚፎሊየም» ነው፤ የበሶብላ ወገን። የዕቃው ከሴ «ሊፒያ አዶኤንሲስ» ሲሆን ስሙ ዓድዋን ያስታውሳል። በዚህ ዝርያ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። በዱር የሚበቅለው ይኸው ከሴ ነው። በጓሮ የሚተከለውንና ቅቤ የሚነጠርበትን ደግሞ ሰብስቤ ደምሰው የተባሉት ኢትዮጵያዊ የዕፅዋት ሊቅ ኮሰረት ብለው ሰይመውታል፤ በላቲኑም ኮሰረት ነው። እንግዲህ ከሴና ዳማከሴ በስማቸው እንደሚመስሉት ወንድማማች አይደሉም፤ የከሴ ወንድሙ በስም የማይመስለው ኮሰረት ነው።

ተማሪዬን ይዤ እንደገና ወደ ሱቁ ሄድን። የዕቃው ከሴ በሰላሌ በኩል ከሚመጣ ነጋዴ እንደሚገዛ ልጅቱ ነገረችን። ዳማከሴው ግን እዚያው በኪራይ ቤቷ ጓሮ፣ እናቷ ከተከሉት ግንድ የሚቆረጥ ነው። ይህን ስትናገር ተማሪዬ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግን ይህ ስለ ስንኙ ምንም እንደማያረጋግጥ ዐውቃለሁ፤ ሰው የሚያለቅሰው በጓሮው ባለው ብቻ አይደለም። አልቃሿም ልጅ ሆነው የጠላ ጋን ያሹበት መንዝ ነው።

አበባ እስኪያወጣ ጠብቀን ከጓሮው ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጠናል። ከሰላሌ የሚመጣውን ደግሞ ነጋዴው ከነአበባው እንዲያመጣ ቀብድ ሰጥተነዋል። ከዐሥራ አራቱ ስሞች መካከል እስከ አሁን ዘጠኙን ከናሙና ጋር አገናኝተናል። በወረቀቱ ግርጌ በሚለጠፈው ጽሑፍ ላይ የተሰበሰበበት ቦታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም፣ የአካባቢ ስምና ጥቅም ይሞላል። በጓሮው ቅርንጫፍ ላይ የአካባቢ ስም በሚለው መስመር «ዳማከሴ፤ በሻጯ ቤት ከሴ» ብለን ጽፈናል። ቤተ መጻሕፍት ባለው የጥናቴ ቅጂ ላይም ከሴ ከሚለው ቃል ጎን «የቅጠል ስም» የሚለውን ሰርዤ ሁለቱንም የላቲን ስሞች በእርሳስ ጽፌ፣ ከሥራቸው «ምትክ» የሚል ቃል ጨምሬበታለሁ።